ጁስ ቤቴን ዝንብ ወረረው፣ ጠጅ ሳር ያባርርልኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ጅማ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ፣ የማንጎ ወቅት ከገባ ጀምሮ ዝንቡ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ደንበኛ ብርጭቆውን በእጁ ከድኖ ነው የሚጠጣው በጣም አፈርኩ። ፍሊት እንዳልነፋ ምግብ ነው፣ የ2 አመት ልጄም አብራኝ ነው የምትውለው። ጎረቤቴ እትዬ ጠጅ ሳርና ቅርንፉድ አስቀምጪ፣ ካልሆነም እንዶድ ቀጥቅጠሽ እርጪ አሉኝ። እውነት ይሰራል?

መልስ፦ እህቴ አትፈሪ መላ አለው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እዪልኝ፣ ያስቸገሩሽ ትልልቆቹ የቤት ዝንቦች ናቸው ወይስ ማንጎው ላይ የሚያንዣብቡት ደቃቆቹ፣ አይናቸው ቀላ ያለው? መላቸው ለየቅል ነው።

ደቃቆቹ የሚራቡት በጣም የበሰለ ፍራፍሬና ልጣጭ ላይ ስለሆነ ምንም ቅጠል ብታስቀምጪ የማንጎው ሽታ ያሸንፋል፣ እነሱን ማጥመድ ነው። ብርጭቆ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን አቼቶ፣ ቁራጭ የበሰለ ማንጎና አንድ ጠብታ ላርጎ አርጊ። ሽታው ይጠራቸዋል፣ ላርጎው ደግሞ የፈሳሹን ፊት ስለሚያላላው ላዩ ላይ መቆም አቅቷቸው ይሰምጣሉ። ማታ ስትዘጊ አስቀምጠሽው ጠዋት እዪው።

ለትልልቆቹ ጠጅ ሳርና ቅርንፉድ ይሰራሉ፣ ግን ለትንሽ ሰዓት ነው። ጠጅ ሳሩን ዝም ብሎ በር ላይ መስቀል ዋጋ የለውም ምክንያቱም ዝንብ የሚጠላው ዘይቱን ነው እሱ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው፣ አንዱን ቅጠል በእጅሽ እሽት አርገሽ አሽትቺው ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ቆይተሽ ስታሸቺው ተኗል። እኔም ሎሚ ለሁለት ቆርጬ ቅርንፉድ ሰክቼበት ሞክሬያለሁ፣ ዝንቧ ሎሚው ላይ አላረፈችም ግን ስንዝር ርቃ የፈሰሰ ጁስ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታሽ ነበር። ስለዚህ ጠጅ ሳሩን ቀጥቅጠሽ ሙቅ ውሃ ጨምረሽበት ክድን አርገሽ አቆዪውና ሲበርድ አጥልለሽ ጠረጴዛውን በቀን ሦስት አራቴ ወልውዪበት። እውነቱን ልንገርሽ ግማሹን ስራ የሚሰራው ውልወላው ነው፣ የፈሰሰው ስኳር ይነሳል።

እንዶዱን ተይው። እትዬ በደግነት ነው የነገሩሽ ግን እንዶድ የሚታወቀው ለልብስ ማጠቢያና በቀንድ አውጣ ገዳይነቱ ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው የቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ ይሆናል ብለው ያጠኑት። ዓሣም ይገድላል፣ እጣቢው አዌቱ ወንዝ ቢገባ ጉዳት ነው። የጥንጁት ጭስም ዝንብ ያባርራል ግን የልጅሽ ሳንባ ይጎዳል፣ ካጨስሽም ሰው ሳይኖር ማታ ይሁን። የባህር ዛፍ ዘይት ገዝተሽ ከሆነ ደግሞ እባክሽ ልጅቷ የማትደርስበት ቦታ አርጊው፣ ትንሽ እንኳን ብትጠጣው መርዝ ነው። ከቅጠል ነው የተሰራው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ጠረጴዛው ላይ ቬንትሌተር ብታዞሪ ከቅጠሉ ሁሉ ይበልጣል፣ ዝንብ ንፋስ ላይ ማረፍ ይቸግረዋል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ልጣጩን የት ነው የምትጥዪው? ከጀርባ ያለው ቦይ ውስጥ ከሆነ ዝንቡን የምትቀልቢው አንቺ ነሽ። የዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ ክዳን ያለው ባልዲ ያዢ፣ በየ2 እና 3 ቀኑ ካወጣሽው ትል ሆኖ ሳይበር ይሄዳል፣ ባልዲውንም ታችና ጠርዙን በፈላ ውሃ እጠቢው እዛ ነው ትሉ የሚደበቀው። ሰፈር ውስጥ ላም ያለው ሰው ካለ ደግሞ ማታ ማታ ልጣጩን እንዲወስድልሽ ተነጋገሪ።