ቶሎ መጨረስ፦ ከጎንደር ለተላኩ ጥያቄዎች መልስ

ጎንደሮች እንዴት ሰነበታችሁ። ከሠርጉ ወቅት ወዲህ ምትልኩልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ በግንኙነት ጊዜ የወንዱ ዘር ቶሎ መፍሰሱ ላይ ነው ሚያርፈው። ስማችሁን ትቼ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ከተጋባን 4 ወራችን ነው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቅብኛል፣ ጓደኛዬ መተት ነው ይለኛል።» (ከአዘዞ)

ወንድምዓለም፣ መተት አይደለም። ጸበሉን ሂድ፣ እምነትህ ነው፣ ግን ይሄ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩ የወሲብ ችግሮች አንዱ ነው፣ መፍትሄም አለው። ሀኪሞች ችግር ነው ሚሉት ሁሌም ወይ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ደቂቃ አካባቢ ሲያልቅ፣ መቆጣጠር ሲያቅትህና ሲያስጨንቅህ፣ ያውም ቢያንስ 6 ወር ሲቆይ ነው፣ አንተ ገና አዲስ ሙሽራ ነህ። ደሞ ፊልም ላይ ካየኸው ጋር ራስህን አታወዳድር፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ የ5 አገር ጥናት ጥንዶቹ ሰዓት ይዘው ሲለኩ መሀለኛው 5.4 ደቂቃ ነበር፣ ማለትም ግማሹ ወንድ ከዛ በታች ነው።

ዛሬ መጀመር ምትችለው ልምምድ አለ፣ ጀምስ ሴማንስ ሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በ1956 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። መጀመሪያ በእጅ፣ ሊመጣ ሲል ቀጥ ትላለህ፣ ስሜቱ በረድ እስኪል ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቅና ትቀጥላለህ፣ እንዲህ 3 ጊዜ አድርገህ በአራተኛው ትለቀዋለህ። ሲለምድልህ ከሚስትህ ጋር። ሽንት ምትይዝበትን ጡንቻም በየቀኑ ጨበጥ ለቀቅ አድርገው፣ ግን ለውጡ ሳምንታት ስለሚፈጅ በሶስተኛው ቀን ተስፋ እንዳትቆርጥ።

«ሁዳዴን 55 ቀን ታቅበን ከፋሲካ በኋላ ወዲያው አለቀብኝ።»

ይሄማ ያለ ነው። ረጅም ጊዜ ከቆየህ መፍጠኑ አይቀርም፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፣ አትጨነቅበት።

«ትራማዶል ያቆያል ብለው ሰጡኝ፣ ልውሰደው?»

ኧረ በፈጠረህ! ፒያሳ አንዱ መድኃኒት ቤት ያየሁት ሰው ከኋላው የመጣውን ሁሉ እያሳለፈ ቆይቶ ቤቱ ጭር ሲል መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «ያቺን ምታቆየውን» አለ፣ የደም ግፊት አለብህ ወይ፣ ሌላ ምትወስደው አለ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። አንጀቴን ነው የበላው። ትራማዶል ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ እስከ መንፈራገጥ ሚያደርስ ጉዳትም አለው። ቫያግራ ደሞ ለብልት መቆም እንጂ ለማቆየት አይደለም። ሀኪም ሚያዛቸው አሉ፣ እንደ ዳፖክሴቲን ከግንኙነት በፊት ሚወሰድ፣ እንደ ፓሮክሴቲን በየቀኑ ሚወሰድ፣ እሱንም በራስህ ድንገት አታቋርጥም። ሊዶካይን ሚባል ማደንዘዣ ያለበት ቅባትም አለ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብለህ ተቀብተህ ከግንኙነቱ በፊት መታጠብ ነው፣ ካልታጠብክ ሚስትህንም ያደነዝዛታል። ኮንዶምም ለአንዳንዱ በቂ ነው።

«ባሌ ከጨረሰ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛ ይመስላል፣ አሁን ጭራሽ መቅረብ ትቷል፣ ጠልቶኝ ይሆን?» (ከማራኪ)

እህቴ፣ እንደምትገልጪው አፍሯል እንጂ አልጠላሽም። ሲሸሽ ሳይገናኝ ይቆያል፣ ሳይገናኝ ሲቆይ ይብስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ ይብስ ያፍራል፣ ይሄን አዙሪት መስበር ለሁለታችሁም ነው። አልጋ ላይ አታንሺበት፣ ልጆቹ ውጭ እያሉ ቡና ላይ «እኔም አለሁበት፣ አብረን እንሞክር» በይው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሴት በመግባት ብቻ አትረካም፣ እጅም ከንፈርም አለ፣ እሱ ስለጨረሰ አንቺም አለቀልሽ ማለት አይደለም፣ ይሄን ሲያውቅ ጭንቀቱ ራሱ ይቀንስለታል።

«47 ዓመቴ ነው፣ ድሮ ደህና ነበርኩ፣ ካምና ጀምሮ ነው የመጣብኝ።»

ጋሼ፣ እርስዎ ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። ድሮ ሳይኖር የመጣ ከሆነ መነሻ ሊኖረው ይችላል፣ የብልት መቆም መዳከም፣ ስኳር፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) ሆርሞን መብዛት፣ የፕሮስቴት (ከፊኛ ስር ያለ የወንድ እጢ) መቆጣት፣ እነዚህ ሲታከሙ እሱም ሚሻልበት ጊዜ አለ። በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልዎታል። ብቻ ሀኪሙ ፊት ቁጭ ካሉ በኋላ «ወገቤን ነው» ብለው እንዳይመለሱ፣ የመጡበትን በግልጽ ይንገሩት።