ሐምሌ ገባ፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፦ ጥያቄና መልስ

መምህርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። 31 ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ልጆች የክረምት ቆይታ የምትጠይቁኝን የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜና ክፍል ጻፉልኝ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ንባብን ቅጣት አታድርጉት፤ ለንባብም ገንዘብ አትክፈሉ።

የአዳማ እናት፦ እትዬ፣ የ4፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉኝ። አንዷን ሳስጠና ትንሹ ይረብሻል፣ ትልቁ ደግሞ ሰለቸኝ ይላል። ሦስቱንም እንዴት ልያዛቸው?

መምህርት፦ ሦስት ፕሮግራም አታውጪ ልጄ፤ በሳምንቱ ትደክሚና ትተይዋለሽ። እያንዳንዱ በአቅሙ የሚገባበት አንድ ሥራ ፈልጊ። እኛ ቤት ገበጣ ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ስድስት በሁለት አድርገሽ ቁረጪና ሽምብራ አቅርቢ። የአራት ዓመቱ ልጅ በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ ይደልድል። ጣቱ ጉድጓዱ ላይ እያረፈ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ሲጨርስ 48 ፍሬ በእጁ ቆጠረ ማለት ነው። የስምንት ዓመቷ ፍሬውን ከማንሳቷ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ ትናገር። የ12 ዓመቱ የየዙሩን ውጤት በደብተር ይመዝግብ፤ ገበጣው ላይ ስንት ፍሬ እንደቀረም ሳይቆጥር፣ የተበላውን ከ48 ቀንሶ ይንገራችሁ። ሦስቱም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሦስት የተለያየ ትምህርት እየተማሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትልቁን ሞግዚት አታድርጊው። ታናናሾቹን ለአንድ ሰዓት ካጫወተ፣ ማንም የማይነካበት የራሱ አንድ ሰዓት ይሰጠው። የ12 ዓመት ልጅ ክረምቱን የሚጠላው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ ሰዓት ስለሚያጣ ነው።

የደሴ አባት፦ ልጄ ማጥናት አይወድም። ምን ላድርግ?

መምህርት፦ ዕድሜው ስንት ነው? ስንተኛ ክፍል ነው? የማይወደው የትኛውን ትምህርት ነው? ይህን ሳላውቅ የምሰጥህ መልስ ለልጅህ አይሆንም።

የመገናኛ እናት፦ ለክረምቱ አስጠኚ ልቅጠር? የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው።

መምህርት፦ በአንድ ትምህርት ወደኋላ ከቀረ ለዚያ ትምህርት ብቻ ለጥቂት ሳምንት ቅጠሪ። የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ለማስጀመር ከሆነ አይሆንም፤ መስከረም ላይ የሚያውቀውን ሲደግሙለት ክፍል ውስጥ ይተኛል።

የሳሪስ አባት፦ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ለጨረሰ ልጅ 50 ብር እሰጣለሁ። ጥሩ እየሠራ ነው። ይህን ለምን ይከለክላሉ?

መምህርት፦ አሁን የሚሠራው ለ50 ብሩ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ለይተው፣ ለአንዱ ወገን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። በኋላ ያለ ሽልማት ሲተዋቸው፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ካልተገባላቸው ያነሰ ጊዜ ሣሉ። እኔም ክፍሌ ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ሽልማት ባቆምኩ ሳምንት ከመጻሕፍቱ ሣጥን የሚያወጡት እጆች ጥቂት ሆኑ።

የሳሪስ አባት፦ እኛ ግን ተገርፈንም ተሸልመንም ነው የተማርነው።

የጎንደር መምህር፦ ወንድሜ፣ ተገርፈን ከተማርነው መካከል ዛሬ በፈቃዱ መጽሐፍ የሚገዛው ስንቱ ነው?

የሳሪስ አባት፦ መጽሐፍ የማይገዛው ኑሮ ስለተወደደ ነው እንጂ በግርፋት ምክንያት አይደለም።

መምህርት፦ የመጽሐፍ ዋጋን ሌላ ቀን እንነጋገርበት። አባቱ፣ ገንዘቡን አትተወው፤ አቅጣጫውን ቀይረው። ልጁን መጽሐፍ መደብር ወስደህ በ50 ብሩ ላይ ጨምርና ቀጣዩን መጽሐፍ ራሱ ይምረጥ። አንተ አትምረጥለት።

የቦሌ እናት፦ የመጀመሪያ ክፍልን የጨረሰች የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ትዘምራለች፤ መጽሐፍ ስሰጣት ግን አንድ ቃል አታነብም። ሰነፍ ናት ወይስ ችግር አለባት?

መምህርት፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ሰነፍ አይደለችም። ልጅሽ ያወቀችው ዜማውን ነው። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ሲባል አፍ በዜማው ይመራል፣ ዓይን ግን ፊደሉ ላይ አያርፍም። የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያውቁ ነበር። ሀሁን ያለፈ ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም ስለሚቀያየር በዜማ መሸሸግ አይቻልም።

እንዲህ ፈትኛት። የፊደል ገበታውን አቅርቢና በወረቀት ሸፍኚው። በወረቀቱ መካከል አንድ ፊደል የምታሳይ ቀዳዳ ቅደጂ። ቀዳዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያዘዋወርሽ፣ የግዕዙን፣ ማለትም የየተራውን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጠይቂያት፤ 33 ናቸው። ያወቀችውን ቁጠሪ። ስትሳሳት አታርሚያት፣ ፊትሽንም አታጥቁሪ፤ እለፊው።

ከዚያ ቅርጹን አስተምሪያት። ካዕብ፣ ሁለተኛው፣ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ። ሣልስ፣ ሦስተኛው፣ እግሩ ላይ ጭረት ይጨምራል፦ ቢ፣ ሊ፣ ሚ። ኃምስ፣ አምስተኛው፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ቤ፣ ሌ፣ ሜ። ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ካየ 231 ፊደል በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። ረ እና ፈ ከዚህ መንገድ ስለሚወጡ ርባታቸውን ወደ መጨረሻ አቆዪው። ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን በአንድ ቀን አታስተምሪ፤ ይምታቱባታል። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው፣ ጳጉሜን 5። በሁለት ቀን አንድ ተራ ብትይዝ መስከረም ሲጠባ ጨርሳለች ማለት ይቻላል። በቀን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ደግሜ ልናገር፦ ስታጠፋ «ሂጂና አንብቢ» አትበያት።

የሜክሲኮ ነዋሪ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ሦስቱንም ማስተማር ለምን አስፈለገ? ድምፃቸው አንድ ነው። አንዱ በቂ ነው።

የጎንደር መምህር፦ እንዴት በቂ ይሆናል? በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ የሚጻፈው ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው፤ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ የሚጻፈው ሰአሊ ለምኚ ማለት ነው።

የሜክሲኮ ነዋሪ፦ ይህ ግዕዝ ነው። ልጄ የሚማረው አማርኛ ነው፤ ጋዜጣውም እንደፈለገው እያቀያየረ ይጽፈዋል።

የጎንደር መምህር፦ ጋዜጣ ስለተሳሳተ እኛም እንሳሳት?

መምህርት፦ ሁለታችሁም አቁሙልኝ። ጥያቄው ስለ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። በአንደኛ ክፍል ሦስቱንም ለይታ ድምፃቸውን ብትናገር ይበቃል። የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ግን ይምጣ፣ መዘለል የለበትም።

የሐዋሳ እናት፦ ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው።

የጅማ አባት፦ የእኔም እንደዚሁ። ስልክ ልቀማው?

የአያት እናት፦ ስለ ስልክ ምን ይመክሩናል?

መምህርት፦ ሦስታችሁም ዕድሜ አልጻፋችሁም። ለሁሉም አንድ መልስ፦ ስልክ ያለበት ሰዓትና ቦታ ይወሰን፣ ውሳኔው እናትና አባትንም ይያዝ። ራት ላይ አባት ስልኩን እያየ ልጁን መከልከል አይችልም። ስለ ስልክ ከዚህ በላይ አልመልስም።

የጅማ አባት፦ የእኔ 15 ዓመቱ ነው እትዬ፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል። ውጤቱ ካሰበው ስላነሰ ተስፋ ቆርጧል።

መምህርት፦ እኔ ያስተማርኩት ትንንሾቹን ነው፤ ስለ 15 ዓመት ልጅ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስ። አንድ ነገር ብቻ፦ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ዘመድ ሁሉ እንዲተወው ንገራቸው።

የባሕር ዳር የፊዚክስ መምህር፦ በመምህርት ፈቃድ እኔ ልመልስ። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚነቃቃው ሥራው ለቤቱ ሲጠቅም ነው። የእኔ ልጅ አምና ክረምት የመብራት ካርድ ቆጣሪያችንን ቁጥር በየምሽቱ ይመዘግብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ የተጋገረባቸውን ቀናት ከቁጥሩ ብቻ ለይቶ ነገረን። ከዚያ ግራፍ ሠራ፣ ካርዱ የሚያልቅበትንም ቀን አስቀድሞ ተናገረ፤ በአንድ ቀን ብቻ ነው የተሳሳተው። እናቱ አሁን ካርድ የምትሞላው እሱን ጠይቃ ነው።

መምህርት፦ ይህን መልስ ለራሴም ወሰድኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ በጋው ረጅም ዕረፍት ስለሆነ አማርኛ ላስጀምራቸው ፈልጌ ነበር፤ ደብተር ሳወጣ ይሸሻሉ።

መምህርት፦ ደብተሩን መልሺው። ልጅ ቋንቋ የሚናገረው ያለዚያ ቋንቋ የማያገኘው ነገር ሲኖር ነው። አያታቸው አዲስ አበባ ካሉ በየቀኑ አንድ እንቆቅልሽ በድምፅ ይላኩላቸው። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ብለው ይጀምሩ። ልጆቹ መልሱን ካላወቁ «ሀገር ስጡኝ» ይላሉ አያት፤ ልጆቹም አንድ የኢትዮጵያ ከተማ መስጠት አለባቸው። የሰጡትን ከተማ ደግመው መስጠት አይችሉም። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ አክሱምን ሰጥተው ሲጨርሱ ካርታ ማየት ይጀምራሉ፤ የ11 ዓመቷ ካርታውን ትፈልግ፣ የ7 ዓመቱ የከተማውን ስም በፊደል ይጻፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነሱ ለአያታቸው ይፍጠሩ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ የፈጠረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «አረንጓዴ ሆኖ ይወለዳል፣ ቀይ ሆኖ ያድጋል፣ ጥቁር ሆኖ ይጠጣል።» ቡና ነው። በእንግሊዝኛ ከመለሱ አያት «አልሰማሁም» ይበሉ እንጂ አይቆጡ።

የፒያሳ አባት፦ በክረምት ልጆች የሚወሰዱበት ቦታ?

መምህርት፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። ልጁ አንድ ጥያቄ በወረቀት ይዞ ይግባ፣ መልሱን ካገኘ ውጡ።

የኮተቤ አባት፦ ልጆቼ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ ከአሁኑ እየተለማመዱ ነው። ልመና ስለሚመስለኝ ልከለክላቸው አስባለሁ። ትምህርትም ያስረሳቸዋል።

መምህርት፦ አትከልክላቸው፣ እባክህ። ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት የሚሠሩትን ቀርበህ እይ። ግጥም ይይዛሉ፣ በየደጃፉ ለቤቱ ባለቤት የሚሆን ስንኝ ይፈጥራሉ፤ ትልቁ ያወጣል፣ ትንንሾቹ ይቀበላሉ። የ5 ዓመቱና የ13 ዓመቱ ልጅ እኩል የሚፈለጉበት ሌላ ሥራ በቀላሉ አታገኝም። አምና የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ዘጠኝ ሆነው 340 ብር አገኙ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያካፍሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ለእያንዳንዱ 37 ደረሰ፣ 7 ብር ተረፈ። በሰባቱ ብር ላይ የተደረገው ክርክር ክፍል ውስጥ ካስተማርኩት የማካፈል ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ ሙልሙሉን ሲሸከም ለዋለው ለትንሹ ሰጡት። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሥዕል የሚሥሉ ከሆነ ወረቀቱንና ቀለሙን ከአሁኑ ግዛላቸው፤ ስንት እንደሚሥሉና ለማን እንደሚሰጡ ስም ዝርዝሩን ራሳቸው ይጻፉ።

የደሴ አባት፦ ይቅርታ መምህርት፣ ሳልጽፍ ቀርቼ ነው። 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሷል። የሚጠላው ማንበብ ነው። እያነበበ ሲሳሳት ታላቅ እኅቱ ትስቅበታለች።

መምህርት፦ አየህ፣ አሁን ጥያቄ ሆነ። እኅቱ በሌለችበት ያንብብ። ለአንተ ሳይሆን ለትንሽ ልጅ፣ ለጎረቤት ሕፃንም ቢሆን ያንብብ፤ የአራት ዓመት ልጅ ስህተት አያርምም። ከደረጃው በታች ያለ ቀላል መጽሐፍ ስጠው። ብሩን ግን እንዳትሞክር፣ ከላይ ተናግሬአለሁ።

የቦሌ እናት፦ መምህርት፣ አሁኑኑ በቀዳዳው ወረቀት ፈተንኳት። ከ33ቱ 11 አወቀች፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ከ፣ ደ። በዜማ ሁሉንም የምትለው ልጅ! ደነገጥኩ።

መምህርት፦ አትደንግጪ። 22ቱን ነገ እንጀምራለን፤ ዛሬ ማታ ያወቀቻቸውን ብቻ አንሺ። በየቁራጭ ወረቀቱ አንድ አንድ ፊደል ጽፈሽ ምንጣፉ ላይ በትኚና፣ ሰ እና በ እና ረን አስጠግተሽ ዝም በይ። ሰበረ ትላለች። ቀጥሎ ደረሰ፣ ነበረ፣ ተከለ፣ መለሰ፣ አደረ። የአማርኛ ግሥ ደግ ነው፤ በግዕዙ ፊደል ብቻ የሚጻፍ ብዙ አለ። ስትተኛ ስንት ቃል እንዳነበበች ቁጠሪና ነገ ጻፊልኝ።