አጠገቡ ሲሞት እንዴት አላወቀም?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የአክስቴ ልጅ ከሰሜኑ ጦርነት ከተመለሰ በኋላ እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ እኛ ጋ ነው ያለው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ከሱ ጋር እዛው ምሽግ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ፣ መሞቱን ያወቅኩት ሲነጋ ነው ይላል። የሟቹ እናት ግን ለቅሶ ላይ «አጠገቡ ሆኖ እንዴት አላየም፣ ጥሎት ሮጦ ነው እንጂ» አሉ። ከዛ ወዲህ ልጁ ቡና ጠጡ ሲባል እንኳን ከቤት አይወጣም። እውነት እንዲህ ይሆናል?
እህታችሁ ከጅማ

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ በደንብ ይሆናል። የተመታ ሰው ሁሌ ይጮሃል ብለን የምናስበው ከፊልም ተምረን ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር አካባቢ ይበራል፣ ድምፅ ደግሞ 340 ገደማ ብቻ፣ ስለዚህ ተመቺው ራሱ ተኩሱን ሳይሰማ ነው የሚመታው፣ መድፍና ሞርታር ሲዘንብ ያደረ ጆሮማ ደንቁሮ ለሰዓታት ስለሚቆይ ቢጮህስ ማን ይሰማዋል?

ዋናው ግን ቁስሉ ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ፍንጣሪ በብብት ወይ በጀርባ ከገባች ቀዳዳዋን ልብስና ጭቃ ይሸፍናታል፣ ደሙም ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፣ ትልቅ ሰው ካለው 5 ሊትር ገደማ ደም 2ቱ ደረት ወይ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ውጪ ጠብታ ላይታይ ይችላል። እንዲህ የሚደማ ሰው ይጠማዋል፣ ይበርደዋል፣ ከዛ ይቀባዥርና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ላጠገቡ ሰው ደክሞት ያሸለበ ነው የሚመስለው፣ እንቅልፍ ካጣ ወታደር መሀል ደግሞ ያሸለበን ማን ጨክኖ ይቀሰቅሳል? ቅርብ የፈነዳ ነገርማ ያለ ምንም ጭረት በአየር ግፊቱ ብቻ ሳንባን አድምቶ ይገድላል፣ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ቁስል የሌለበት አስከሬን ሲያገኙ ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸው ነበር።

 

እናትየውን አትፍረዱባቸው፣ ሐዘናቸው ማረፊያ አጥቶ ነው። የሚሰሟቸው አንድ የእድር ሽማግሌ ይሂዱና ይሄን የደሙን ነገር ቀስ አርገው ያስረዷቸው፣ ልጁን ይዛችሁት እንዳትሄዱ ግን፣ ፊት ለፊት ማፋጠጥ ይሆናል። እሱንም «እስቲ ያን ሌሊት ንገረን» እያላችሁ አትመርምሩት። እንቅልፍ ካጣ ወይ ሌሊት እየደነገጠ የሚነሳ ከሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ አንቺ ራስሽ አብረሽው ሂጂ።