የዛፉ መድኃኒትና ተሸካሚው ፕሮቲን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ አሁን ኬሞ ላይ ናት። ፓክሊታክሴል የሚባለውን ሲጀምሩላት ፊቷ ቀላ፣ ትንፋሽ አጠራት። ነርሷ ቶሎ ዘጋችው። መርፌ ተወግታ ሲረጋጋላት ቀስ ተብሎ ተቀጠለ። ዲሲ ያለው ወንድሜ «ከፕሮቲን ጋር የተሠራ፣ እንደዚህ የማያደርግ አለ፤ ገዝቼ በሰው እልካለሁ» ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ከዛፍ የሚሠራ ከሆነማ እዚሁ አለልሽ» ብለው ከመርካቶ የደረቀ ቅጠል አመጡልን። የቱን ልስማ? ፕሮቲን ነው ካሉስ እንቁላልና ሥጋ ባበዛላት?
ሴት ልጇ፣ ከተክለ ሃይማኖት

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ይማርልሽ። የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። የሚቀጥለው ዙር እንዳያልፋችሁ። ወንድምሽ የሚልከውን እንጠብቅ ብላችሁ ቀጠሮ አትግፉ። እናትሽ የጀመሩት መድኃኒት የታወቀ፣ የሚሠራ መድኃኒት ነው።

እኔ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ኬሞ የምበጠብጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሁለቱንም በእጄ ይዤ አውቃለሁና ልዩነቱን ከጠርሙሱ ልጀምርልሽ።

የእናትሽ ፓክሊታክሴል ወፈር ያለ፣ በሲሪንጅ ሲሳብ የሚያዘግም ፈሳሽ ነው። መነሻው የፓስፊክ የው የሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ለምርምር የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው፤ ወንድምሽ ያለበት ዲሲ ሳይሆን በምዕራብ ጠረፍ ያለችው። ሞንሮ ዎል እና ማንሱክ ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች በ1971 የንጥረ ነገሩን ቅርጽ አሳወቁ። አሜሪካ ለሕክምና የፈቀደችው ግን በ1992 ነው። 30 ዓመት! ካዘገዩት ነገሮች አንዱ በውሃ አለመሟሟቱ ነበር። በውሃ የማይሟሟ ነገር ደግሞ እንዲሁ ደም ሥር ውስጥ አይገባም።

መላ የተገኘለት በአልኮልና ከጉሎ ዘይት በተሠራ ክሬሞፎር በሚባል ማሟሟያ ነው። አዎ፣ የምናውቀው ጉሎ። እናትሽን ያፈናቸው በአብዛኛው ይኸው ማሟሟያ ነው። ለዚህ ነው ከኬሞው በፊት ዴክሳሜታሶንና የአለርጂ መርፌ የሚሰጣቸው፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ሙሉ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው። ስለሆነም በሚቀጥለው ዙር ነርሷን ገና ከመጀመሯ «ባለፈው ፊቷ ቀልቶ ነበር» በያት። ካርድ ላይ ተጽፏል ብለሽ ዝም አትበይ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ የቤተሰብ አፍ ብዙ ነገር ያድናል።

የወንድምሽ ደግሞ በአልቡሚን የተሠራ ፓክሊታክሴል ነው። አልቡሚን ጉበታችን የሚሠራው፣ ደማችን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። በውሃ የማይሟሟ ነገር ተሸክሞ መዞር የዘወትር ሥራው ነው። የመድኃኒቱ ሠሪዎች ይህን አይተው ፓክሊታክሴሉን በአልቡሚን ጠቀለሉት። የአንዷ ቅንጣት ስፋት ወደ 130 ናኖሜትር ነው፤ 7,000 ያህሉ ተሰልፈው አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ፈቀደችው። ክሬሞፎር የለበትም። በ30 ደቂቃ ያልቃል። ቅድመ መርፌውም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም።

አበጣበጡን ብታዪ ደስ ይልሻል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው። 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን እጨምርበታለሁ፤ ግን ዱቄቱ ላይ አይደለም፣ በጠርሙሱ ግድግዳ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ወስጄ። ከተቸኮለ አረፋ ይሆናል። ከዚያ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ቀጥሎ በእጅ ቀስ እያደረጉ ማዞር ነው፤ መናጥ ክልክል ነው። በመጨረሻ ወተት ይመስላል። ያ ንጣት ያልሟሟ ቆሻሻ አይደለም፤ ቅንጣቶቹ ናቸው።

እንግዲህ ይሻላል ወይ? ካንሰሩ በተሰራጨባቸው 454 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በፕሮቲን በተጠቀለለው ዕጢያቸው የቀነሰላቸው 33 በመቶ ነበሩ፤ በነባሩ 19 በመቶ። ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ የመጣሉ ነገርም በፕሮቲኑ ቀንሷል። በሌላ በኩል የእጅና የእግር መደንዘዙ ባሰ፤ ከባዱ ዓይነት 10 በመቶ ደረሰ፣ በነባሩ 2 በመቶ። የእናትሽ ግን ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ስለዚህ ያንን ቁጥር እንዳለ ወስደሽ እሳቸው ላይ አትለኪው። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ነባሩ በቅድመ መርፌና በዝግታ ከተቻላቸው እሱን ያስጨርሷቸው። ምላሹ ከተደጋገመ ወይም ከከፋ ግን ፕሮቲኑን ከሐኪማቸው ጋር በግልጽ ማንሳት ተገቢ ነው።

ወንድምሽ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን ንገሪው፤ ሁለቱ አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም። በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጡ የነባሩ መጠን በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 175 ሚሊግራም ነው፤ የፕሮቲኑ 260። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱን በሌላው ልክ መስጠት አደገኛ ነው። መጀመሪያ የካንሰር ሐኪሟ (ኦንኮሎጂስቷ) ትዘዝ፤ ፋርማሲውም የሚመጣውን አስቀድሞ ይወቅ።

እንቁላልና ሥጋ ለአቅም ጥሩ ነው፤ የሚበሉት ከሆነ ስጫቸው። ነገር ግን የተበላ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ መድኃኒት አይሸከምም።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ጎረቤታችሁን አክብረሽ አመስግኚና አታጠጫቸው። የየው ዛፍ ቅጠል ራሱ ቢበላ ልብ የሚያቆም መርዝ አለው። ደግሞም በኬሞ ላይ የሚጠጣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

የአገራችን ዕፅ ዋጋ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። እንደውም ተቃራኒውን። አጣጥ ታውቂያለሽ አይደል? የአጣጥ ወገን ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዕፅ ላይ የአሜሪካዊው ኬሚስት ኩፕቻን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። ካንሰርን ገዳይ ነው፤ ሲበዛ ገዳይ። በሽተኞች ላይ ሲሞከር ሰውንም ጎዳና ተተወ። ከዓመታት በኋላ ከሜይታንሲን የተሠራ ንጥረ ነገር ትራስቱዙማብ ከተባለ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። ትራስቱዙማብም ፕሮቲን ነው፤ ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን በላዩ የበዛበትን የካንሰር ሴል ፈልጎ ይይዛል፣ ዕፁን እዚያው ውስጥ ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አሜሪካ ለጡት ካንሰር ፈቀደችው። ለብቻው የተጣለ የእኛው ዕፅ ተሸካሚ ሲያገኝ መድኃኒት ሆነ። ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ይህኛው የሚሠራው ሄር-2 ፖዘቲቭ ለሆነ ብቻ ነው። የእናትሽን የፓቶሎጂ ወረቀት (የዕጢው ምርመራ ውጤት) አውጪና ሄር-2 የሚለውን መስመር ፈልጊ። ካልተመረመረ ወይም ካልገባሽ ለቀጠሮው ይዘሽው ሂጂ፤ ስለ አለርጂው ስታነሺ እሱንም አብረሽ ጠይቂ።