ካርታው ላይ ነጭ የሆነው ቦታ

ዘንድሮ የከተማ ፕላን ተምራችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን የጨረስኩት የአዲስ አበባን ሰፈሮች ስለካና ስነድፍ ነው። አስቀድሜ የምነግራችሁ አንድ ስህተቴን ነው።

ወጣት ሳለሁ ለአንድ ያረጀ ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን እናዘጋጅ ነበር። ካርታው ላይ በቤቶቹ መሀል ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ አየሁና «ክፍት ቦታ» ብዬ ጽፌበት የመኪና ማቆሚያ አደረግኩት። ያን ሰፈር የማውቀው በሥራ ቀን፣ ያውም ሜትር ይዤ ነው። አንድ ቅዳሜ ስሄድ ድንኳን ተተክሎበታል። የእድሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ ከኋላ ሴቶች በትልልቅ ብረት ድስት ወጥ ይሠራሉ። ጉልቻው ለዚያ ቀን የተጎለተ አልነበረም፤ የዓመታት ጭሱ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ለቅሶ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ ከዚህ ሰፈር ሞቶ እዚህ ያልተለቀሰለት የለም» አሉኝ።

ሰኞ ካርታውን አስተካከልኩ። ከዚያ በፊት ስንቱን እንደዚያው እንዳሳለፍኩ ግን አላውቅም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሲሰጡ አጃቢውም አሽከሩም በዙሪያቸው ሰፈረ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ለዚህ ነው። ያለውና የሌለው አጥር ለአጥር ተጎራብቶ ስለኖረ፣ የሌለው እንጀራውን በእግሩ ደርሶ ያገኝ ነበር።

አሮጌው ሳይነካ ይኑር እያልኩ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራዩ ጥቂት ነበር፤ የሚያድሰው ግን ጠፋ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱን ብዙ አባወራ የሚጋራው ቤት ውስጥ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ቧንቧና ሽንት ቤት ማስገባቱን አታቃሉብኝ።

ነገር ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን እናት አስቡ። ሰፈሯ ሲፈርስ ደንበኞቿ መሀል ከተማ ቀሩ፤ እሷ ከተማው ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት የለም። ጤፉን ማን ያወጣላታል? ምጣዱንስ የት ትጣደው? ግቢው ውስጥ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ ተብሎ የተሠራው የጋራ ሕንፃ ብዙ ቦታ ለሌላ ሥራ ውሎ አይቻለሁ። በ20/80፣ ማለትም ሃያ በመቶውን ራሳቸው ከፍለው ሰማንያ በመቶውን በባንክ ብድር በሚሸፍኑበት ፕሮግራም፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ለባንኩ የሚከፍሉት አቅቷቸው ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ በርካሽ የተከራዩም አሉ። ቤት አግኝተው ገቢያቸውን አጡ።

ስለዚህ ፕላን ስትሠሩ የታክሲውን ዋጋ ደምሩ። ሰውየው ሥራው ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀይር፣ ከደመወዙ ምን እንደሚተርፈው ጠይቁ። ስብሰባ ጠርታችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ጉሊት ሻጯን መደቧ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት፤ ገዢ ሲመጣ ዝም በሉና ጠብቁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ማታም ሂዱ፣ እሑድም ሂዱ።

ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሳያባራ ውጡ። ጎርፉ በየትኛው ጓሮ እንደሚያልፍ የሰፈሩ ልጆች ያውቁታል። ቦቲያችሁን አጥልቃችሁ ተከተሏቸው፤ ካርታውንም በላስቲክ ሸፍናችሁ ያዙ።