ለዘመድ የዓሣ ኩሬ ልታሠሩ ላሰባችሁ

ገጠር ላለ ወንድም ወይም ለአክስት ልጅ የዓሣ ኩሬ ማሠሪያ ልትልኩ ያሰባችሁ ወገኖች፣ አደራ፣ ከቁፋሮው በፊት የመኖውን ሒሳብ ሥሩ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ጉድጓዱ ላይ ያልቅና ዓሣው ያገኘውን ይብላ ተብሎ ይተዋል፤ ከስድስት ወር በኋላም የሚወጣው ጣት የምታህል ዓሣ ነው።

200 ካሬ ሜትር ኩሬ በካሬ 2 ቢታሰብ 400 የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩት ይይዛል። ከነዚህ 320ው ተርፎ እያንዳንዱ 200 ግራም ከደረሰ 64 ኪሎ ይሆናል። ሀብታም አያደርግም፤ የልጆችን ምግብና የቤቱን ገቢ ግን በደንብ ይደጉማል። ለዚህ 150 ኪሎ ገደማ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ያስፈልጋል። የቀኑ መጠን ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፦ እያንዳንዱ ዓሣ 50 ግራም ሲደርስ ለሁሉም በቀን 800 ግራም ያህል፣ ጠዋትና ከሰዓት ተከፍሎ። የተረፈ መኖ ታች በስብሶ ኦክስጅን ስለሚጨርስ ከሚበሉት በላይ አይጨመር።

ቦታው ቆላ ወይም ወይና ደጋ ይሁን። ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ መብላት ያቆማል፤ አርባ ምንጭ የሚያድገው ደብረ ብርሃን ላይ ቀጭጮ ይቀራል። አፈሩን ለመፈተን፣ ከግማሽ ሜትር በታች የወጣውን አርጥቦ እንደ ኳስ አድቦልቡሎ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ ነው። እጅ ላይ ከተፈረካከሰ ውሃ አይዝም፤ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ምንጣፍ) ሊነጠፍበት ግድ ነው።

ሌላው ትልቁ ችግር መራባቱ ነው። ቆሮሶ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይወልዳል፤ ኩሬው በጫጩት ተጨናንቆ ሁሉም ይቀጭጫል። መፍትሔው 30 ግራም ሲደርሱ ሴቶቹን ለይቶ አውጥቶ ወንዶቹን ብቻ ኩሬው ውስጥ ማስቀረት ነው። ዓሣውን ገልብጦ ከሆዱ ሥር ማየት ነው፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት አላት። ይህ ካልተቻለ ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ የተባለ ዓሣ ጥቂት ይጨመር፤ ግን ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ ዋናውን ዓሣ ይበላል።

ውሃው የዓሣ ምግብ እንዲያበቅል ብሎ ፍግ የሚጨምር ሰው በየሳምንቱ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ይንከር። ክርኑ ሳይጠልቅ መዳፉ ካልታየው ፍጉን ያቁም። ንጋት ላይ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲጎርስ ከታየ ደግሞ በዚያው ቀን መኖውን ትቶ አዲስ ውሃ ያስገባ።

ገንዘቡን ከፋፍላችሁ ላኩ፦ መጀመሪያ ለቁፋሮው፣ ኩሬው ሁለት ሳምንት ውሃ ይዞ ሲቆይ ለጫጩቱ፣ ከዚያ ለመኖው በየወሩ። ጫጩት ከውጭ ለማስገባት አትድከሙ፤ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ከኩሬው የሚወጣው ውሃም በከንቱ አይፈስስ፤ ለሽንኩርትና ለጎመን መደብ ይሁን።