«ኦልዞው» ካልክ «ባት» አትጨምር

የእንግሊዝኛዎቹ «ኦልዞው» (although፣ ምንም እንኳ) እና «ባት» (but፣ ግን) በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ለምን አይገቡም ብለህ ለጠየቅከው፣ የሚያሳስተን አማርኛችን ነው። እኛ «ምንም እንኳ ቢደክመኝም፣ ግን ሠራሁ» ብንል ጆሮ አይቆረቁርም። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። ወይ «ኦልዞው አይ ዋዝ ታየርድ፣ አይ ወርክድ» በል፣ ወይ «አይ ዋዝ ታየርድ፣ ባት አይ ወርክድ»።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ «ዲስፓይት» (despite፣ ቢኖርም ወይም ቢሆንም) ነው። ቀጥሎት ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐሳብ አይመጣም፤ የሚመጣው ስም ወይም መጨረሻው ላይ አይኤንጂ (-ing) ያለው ግስ ነው፣ «ዲስፓይት ዘ ሬይን» ወይም «ዲስፓይት ቢይንግ ታየርድ» እንደማለት። ሙሉ ሐሳብ ማስገባት ከፈለግክ «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት» ትላለህ፣ ግን ረዘም ስለሚል እኔ «ኦልዞው»ን እመርጣለሁ። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገር የለም፣ እባክህ ተወው! «ኦፍ» ያለው «ኢን ስፓይት ኦፍ» ላይ ነው፤ ትርጉማቸው አንድ ስለሆነ ነው የሚምታታው።

«ሀውኤቨር» (however፣ ሆኖም) ላይ ሥርዓተ ነጥቡን ተጠንቀቅ። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ስታገናኝበት ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን (;) አድርግ፣ ከኋላው ኮማ። ስታወራ ግን «ባት» ይበቃሃል።